«ሰው ለምን አያምነንም?» ብላ ለጠየቀችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ልትጠይቀኝ ቤቴ መጥታ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሥራ ፈልጋ ያጣች፣ ጎበዝና ጨዋ ልጅ ናት። አሁን ከቤቷ ሆና በስልኳ ኔትወርክ ማርኬቲንግ፣ ማለትም ዕቃ እየሸጡ ሌላ ሰው በማስመዝገብ ክፍያ የሚገኝበት ሥራ፣ እንደምትሠራ ነገረችኝና ሁለተኛውን ቡና ስንጠጣ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ሥራዬን ስነግራቸው ሰዎች ለምን ፊታቸውን ያዞሩብኛል? የሰው ኪስ የገባሁ ያህል እኮ ነው የሚያዩኝ። እምነታቸውን ለማግኘት ምን ላድርግ?» ሰላሳ አንድ ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነትና በኦዲተርነት የኖርኩ ሰው በመሆኔ ቁጥር ጠቅሼ ላስረዳት በቻልኩ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጥያቄዋ አንዲት ሴት አስታውሶኝ ለዚያን ዕለት አፌን ያዘኝ። ያልሰጠኋትን መልስ አሁን ለእርሷም ለእኩዮቿም እጽፋለሁ።

ሴትዮዋ በመሥሪያ ቤታችን ከደረጃው ሥር ሻይና ቡና ታፈላ ነበር። ጊዜው 2000 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው ሁሉ ደመወዝ እስኪወጣ ድረስ በዱቤ ይጠጣል፤ እርሷም የእያንዳንዳችን ስም በሰፈረበት ደብተር ላይ ለሻይ አንድ ጭረት፣ ለፓስቲ አንድ ክብ ታኖራለች። መደመር ብዙም ስለማይሆንላት በየወሩ መጨረሻ ደብተሩን በነጠላዋ ሸፍና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ክፍሌ ትወጣና እኔ ደምሬ እሰጣት ነበር። አንድ ጊዜ ገንዘብ ያዣችን «ይህን ያህል ሻይ አልጠጣሁም፤ ጭረት ጨምረሽብኛል» ብሎ ቢሟገታት፣ ሌላ ክርክር ሳታነሳ «ጋሼ ደምረውታል» አለችው፤ እርሱም ያለ አንዳች ቃል ከፈለ። ይህን የምተርክላችሁ በዚያች ሴት ዘንድ የእኔ ድምር ምን ያህል ክብደት እንደነበረው እንድታውቁልኝ ነው።

በዚያው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአንድ ኔትወርክ ድርጅት ስብሰባ ወደሚካሄድበት የሆቴል አዳራሽ ወሰደኝ። ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት በሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ሣለና በቀኝና በግራው ሁለት ክቦች ጨመረ፤ «ከእናንተ የሚጠበቀው ሁለት ሰው ብቻ ማምጣት ነው» አለን፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናጋ። ማታ ቤቴ ገብቼ በካልኩሌተር አሰላሁት። ከራሴ ጀምሬ በሁለት በሁለት ሳባዛ፣ በ26ኛው እርከን ላይ ብቻ 67,108,864 ሰው ያስፈልጋል፤ ከላይ ያሉት ሲደመሩ ደግሞ ከ134 ሚሊዮን ይበልጣል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የአገራችን ሕዝብ፣ ጨቅላው ሕፃን ሳይቀር፣ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከዚህም የሚከፋው ሌላው ስሌት ነው፦ ግንባታው የትኛውም እርከን ሞልቶ ላይ ቢቆም፣ ከገቡት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት መጨረሻው እርከን ላይ ያሉት ናቸው፤ ከእነርሱ በታች አንድም ሰው የላቸውም። ይህ የሚሆነው ሰዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሥዕሉ ራሱ ሌላ ነገር አይፈቅድም።

ይህን ሁሉ በዚያች ሌሊት አውቄ በማግሥቱ ተመዘገብኩ። ቀድሞ የገባ አይከስርም ብዬ አሰብኩ፤ አልተሳሳትኩም፣ አልከሰርኩም። ለ4,500 ብር እንክብሎች፣ የጥርስ ሳሙናና ማግኔት አለው የተባለ አምባር ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው ከፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡኝ ጀመር፤ «ኦዲተር ሳይቀር መርምሮ ገብቶበታል» እያሉም ያስተዋውቁኛል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። በመሥሪያ ቤቴ ኦዲተር ሲገባ ሰው ሁሉ ፋይሉን ይሸሽጋል፤ እዚያ ግን ተነሥተው ያጨበጭቡልኛል።

ወሬው ከደረጃው ሥር ደረሰ። በወሩ መጨረሻ ሴትዮዋ ደብተሯን ይዛ መጣችና ድምሩን ስጨርስ አልሄድ አለች። አርባ አምስት አባላት በየሳምንቱ መቶ መቶ ብር የሚጥሉበት እቁብ ወጥቶላት ነበር፤ ለስላሳ እያቀዘቀዘች ለመሸጥ ፍሪጅ ልትገዛበት አስባለች። «ጋሼ፣ ይህን ነገር እርስዎ አይተውታል?» አለችኝ። «አዎ፣ አይቼዋለሁ» አልኳት። ይህ ውሸት አይደለም፤ በሚገባ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ብዙ ስሕተት ሠርቻለሁ፣ ሪፖርት ላይ ቁጥር ያዛባሁበትም ጊዜ አለ፤ እንደዚያች አንዲት እውነተኛ ቃል ግን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር የለም።

በግራ እግሬ ሥር፣ ማለትም በሥዕሉ ላይ ከእኔ በስተግራ ባለው ክብ፣ አስገባኋት፤ በቀኝ በኩል የባለቤቴ ወንድም ስለነበረ ሁለቱ ሲመጣጠኑ የመጀመሪያ ክፍያዬ ደረሰኝ፤ ቡናማ የቆዳ ጫማ ገዛሁበት። እርሷስ ማንን ታምጣ? የምታውቀው ዘበኞችን፣ ጽዳት ሠራተኞችንና የሠፈሯን ሴቶች ነው፤ ከእነርሱ ማን ዘንድ በአንድ ጊዜ የሚቆጠር 4,500 ብር ይገኛል? የእቁቧን አባላት ለመነች፤ ሁለቱ አዳመጧት፣ አንድም አልገባላትም፤ የእቁቡ ዳኛም ከዚያ ወዲያ በዓይነ ቁራኛ ያያት ጀመር። ለዓመታት በሰዓቷ ስትጥል የኖረች ሴት በአንድ ወር ውስጥ ሰው የሚሸሻት ሆነች። ድርጅቱ ዓመት ሳይሞላው ቢሮውን ዘጋ። ወር ሲያልቅ ደብተሩን ብጠብቅ አልመጣም፤ ወደ ታች ስወርድ ስድስተኛ ክፍል የሚማረው የዘበኛው ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲደምርላት አገኘሁት። ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ሻይም ቀዳችልኝ።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ አንቺ የጠየቅሽኝ የሰው ጥርጣሬ ከየት እንደመጣ አየሽ? ያላጠፋሽውን ጥፋት ነው የምትከፍዪው፤ ከአንቺ በፊት እኔና መሰሎቼ ሄደንበታል። በየቤቱ አልጋ ሥር ጊዜው ያለፈበት እንክብል አለ። ሰው የሚሸሸው ሸቀጡን ብቻ ቢሆን ኖሮ በተሻለ ሸቀጥ ታሸንፊው ነበር። አክስትሽ ስትደውዪላት «ናፍቃኝ ነው ወይስ ልታስገባኝ?» ብላ ታስባለች፤ ይህን ጥርጣሬ የሚያስወግድ ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም። «ከቤት የሚሠራ ሥራ» ሲባል ብዙ ጊዜ ቤቱ ራሱ፣ ዘመዱም ማኅበሩም፣ ገበያ ሆኗል ማለት ነው። ለቅሶ በተቀመጥንበት ቤት በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ስለ ስኳር በሽታ መድኃኒት የሚመስል ንግግር ጀምሮ መጨረሻው የመመዝገቢያ ቅጽ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ።

የዛሬ ወጣቶች፣ አትቀየሙኝና፣ መቸኮል አብዝታችኋል። አንድ ሙያ አሥር ዓመት ይዞ መቆየት የሞኝነት ያህል ይቆጠራል፤ በስልክ የተነሣችሁት ፎቶ ሁሉ መኪና ተደግፋችሁ ነው። በእርግጥ እኔም ያን ጫማ የገዛሁት አርባ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ቋሚ ደመወዝ እያለኝ ነው፤ እናንተ ደግሞ ደመወዝ የሚባል ነገር ገና አላያችሁም። ስለዚህ የቸኮለው ማን እንደሆነ እኔም በትክክል አላውቅም።

የኔትወርክ ድርጅቶች ሁሉ አንድ ናቸው አልልም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 አምዌይ የተባለውን የኔትወርክ ድርጅት መርምሮ ፒራሚድ፣ ማለትም ገንዘቡ ከአዲስ ተመዝጋቢ የሚመጣበት ማታለያ፣ አይደለም ያለው፣ ያልተሸጠ ዕቃ የሚመለስበትና አባላቱ ለእውነተኛ ደንበኛ እንዲሸጡ የሚያስገድድ ደንብ ስለነበረው ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላው የኔትወርክ ድርጅት ሄርባላይፍ በዚያው ኮሚሽን ተከሶ 200 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ ለአባላቱ ከሚከፍለው ውስጥም ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተረጋገጠ የችርቻሮ ሽያጭ ላይ እንዲመሠረት ግዴታ ገብቷል። በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማቹ ሌላ ሰው ባመጣ ቁጥር ተጨማሪ ጥቅም እንደሚያገኝ እየተነገረው የሚካሄደውን የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል። የሁሉም መስፈሪያ አንድ ነው፦ ገንዘቡ የሚመጣው ዕቃውን ፈልጎ ከሚገዛ ሰው ነው ወይስ ከሚመዘገብ ሰው? የምትሸጪውን ሳሙና ምዝገባ የማያስፈልገው መንገደኛ በዚያው ዋጋ ከአንቺ ከገዛ ነጋዴ ነሽ፤ እኔም ከአንቺ እገዛለሁ። እቁብን እየጠቀሱ «ያው ነው» የሚሉትን አትስሚ፤ እቁብ የተጣለውን ብር ዞሮ ይሰጣል እንጂ ይራባል ብሎ ለማንም ቃል አይገባም፤ የመጨረሻዋም ዕጣ ከመጀመሪያዋ እኩል ነው።

ለዘመድ ምንም አትሽጪ ልልሽ ነበር፤ ግን በርበሬዬን የማስፈጨው ከእህቴ ልጅ ነው፣ ቅቤውንም ከእርሷው ነው የምገዛው። ስለዚህ ሽጪለት፤ አታስመዝግቢው።

ጡረታ በወጣሁ ዓመት ሴትዮዋን አፈላልጌ አገኘኋት፤ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሥር ከልጇ ጋር ትንሽ ሻይ ቤት ከፍታለች። 4,500 ብር በዚያን ጊዜ የፍሪጅ በር እንኳ እንደማይገዛ ስለማውቅ፣ ሱቅ ገብቼ የፍሪጅ ዋጋ ጠይቄ ያንኑ ያህል በፖስታ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። እጇን አልዘረጋችም። «ጋሼ፣ ለዚህኛው ደግሞ ስንት ሰው ነው የማመጣው?» አለችኝ። አልሳቀችም፤ እኔም መሳቅ አልቻልኩም። ማንንም እንደማታመጣ፣ ዕዳዬ እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስረዳኋት። በመጨረሻ ልጇን ጠራችና ፖስታውን ሰጠቻት፤ ልጅቱም እዚያው ፊቴ ቆማ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።