ለደጋ ተብሎ ኤር ፍሎው ካሊብሬት አይደረግም፤ መጀመሪያ ቱቦዎቹን እይ

ሰላም ወንድሜ። ሌላውም እንዲከታተል ጥያቄህን ላንሳው። ኮምቦልቻ ላይ ደህና የሚሄደው 1.8 ኮሮላህ ሐረጎን ሲወጣ ይደክማል፣ ደሴ ከገባ በኋላም ቤንዚን ይበላል። ጋራዥ ስትወስደው «ኤር ፍሎው ሴንሰሩ ለደጋ ካሊብሬት መደረግ አለበት» አሉህ፤ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር ልኬቱ ይስተካከል ማለታቸው ነው። ላስደርገው ወይ ነው ያልከው።

አሁን አታስደርገው። እዚህ ከተማ ስንት ዓመት ሞተር ስፈታ፣ ለከፍታ ተብሎ መነካት የነበረበት እንደዚህ ዓይነት ሴንሰር ገጥሞኝ አያውቅም።

ያንተ መኪና ላይ ያለው በሽቦ የሚሰራው ነው። ውስጡ ፀጉር የምታህል ሽቦ አለች፤ ሁልጊዜ እንደጋለች መቆየት አለባት። የሚገባው አየር ያበርዳታል። ግለቷን ለመጠበቅ የሚፈጀው ከረንት ነው ልኬቱ። ስለዚህ የሚለካው የአየሩን ክብደት ነው፣ ይዘቱን አይደለም። ደሴ ላይ አየሩ ሲሳሳ ሽቦዋ ያን ያህል አትበርድም፣ ሴንሰሩ አነስተኛ ቁጥር ይልካል፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ደጋውንና ቆላውን ራሱ ይለየዋል ማለት ነው።

ድካሙስ? ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባህር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል። ይሄን ማንም ካሊብሬት አድርጎ አይመልሰውም። ቤንዚን መብላቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን ነው መፈለግ ያለብህ።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ልክ እንዳንተ ዓይነት ኮሮላ መጣልኝ። ቼክ ኢንጂን መብራት የለም፣ ዳገት ላይ ግን ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላዎቹን ስፈታቸው ጥላሸት ለብሰዋል። ባለቤቱን ስጠይቀው ከዚያ በፊት ፒ0171 የሚል ኮድ እየመጣ አስቸግሮት ነበር፣ አየር በዝቶ ቤንዚን አነሰ ማለት ነው፣ አንድ ቦታ ወስዶት ላፕቶፕ ሰክተው የሴንሰሩን ሰንጠረዥ (ቮልቱን ወደ አየር ግራም የሚቀይረውን) በ15 በመቶ ከፍ አድርገውለታል። ስካነር ሰካሁ። ሚኒሞ ላይ (ፔዳል ሳይረገጥ) ትሪሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በመቶ ስንት እንደጨመረ (+) ወይም እንደቀነሰ (-) የሚያሳየው ቁጥር፣ ዜሮ አካባቢ ነው፣ ደህና ይመስላል። 2500 ዙር ላይ ስይዘው ግን ወደ -8 ወረደ። ጆሮዬን ወደ ሞተሩ ሳስጠጋ ቀጭን ፉጨት አለ። ከቫልቭ ከቨሩ ወደ ኢንቴክ ማኒፎልዱ የምትሄደዋን ትንሿን ቱቦ በጣቴ ከስር ስዳብሳት ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘሁ፤ ከላይ ስታያት ምንም የላትም። አውራ ጣቴን ስጭንበት ፉጨቱ ጠፋ፣ ትሪሙም እያየሁት ወደ -13 ተንሸራተተ። በሽታው ቱቦ ነበር፣ መድኃኒቱ ግን ለሴንሰሩ ተሰጠ። ቱቦዋን ቀይሬ ሰንጠረዡን ወደ ፋብሪካው መለስኩት፣ አለቀ።

ስለዚህ አንተም ስካነር ያለው ሰው ጋ ሂድ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ውሃው ከ80 ዲግሪ ይለፍ። ሾርት (የአሁኑን) እና ሎንግ (ኮምፒውተሩ የያዘውን የቆየውን) ትሪም ደምር። ሚኒሞ ላይ ፕላሱ ትልቅ ሆኖ ዙር ሲጨምር ከቀነሰ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ጭነት ሲበዛ ፕላሱ ካደገ ሴንሰሩ ቆሽሾ አሳንሶ እየለካ ነው፣ ወይም የቤንዚን ፓምፑ ደክሟል። ያንተ ሞተር ሞቆ ሚኒሞ ላይ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ግራም አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ይሄ ቁጥር ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ብዙ አይለያይም።

ከቆሸሸ ለሱ የተሰራውን ስፕሬይ ተጠቀም። የካርቡሬተር ማጽጃ አይሆንም፣ በጥጥ አትንካው፣ በኮምፕሬሰር አትንፋው፣ ሽቦዋ ትበጠሳለች። እስኪደርቅ ጠብቀህ ስካው። ከባቲ ወደ ሚሌ የምትመላለስ ከሆነ አቧራው ብዙ ነው፣ ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ እይ። ዘይት የሚቀባ ፊልትሮ ካለህ ደግሞ ዘይቱ ሽቦዋ ላይ ይጋገራል።

ካሊብሬሽን የሚያስፈልገው ሴንሰሩ የሚቀመጥበትን ቱቦ ስትቀይር ነው። ከ60 ሚሊሜትር ወደ 70 ብትሄድ ስፋቱ በ36 በመቶ ያድጋል፤ ሴንሰሩ ግን ያንኑ ቮልት እየላከ ኮምፒውተሩን ያሳስተዋል። ያኔ ሰንጠረዡን በ1.36 አባዝተህ ትጀምራለህ። ቀጥሎ ከሐይቅ ወዲህ ባለው ሜዳ መንገድ ፔዳሉን ሳታወዛውዝ እየነዳህ በየቮልቱ ትሪሙን ትመዘግባለህ። 2 ቮልት ላይ 10 ግራም የሚል ቦታ +8 ካሳየ 10.8 ታደርገዋለህ። ፔዳሉን እስከ ታች ስትረግጥ ግን ኮምፒውተሩ ኦክስጅን ሴንሰሩን አይሰማም፣ እዚያ ጋ ዋይድባንድ (የአየሩንና የቤንዚኑን ምጥጥን በቁጥር የሚያነብ ኦክስጅን ሴንሰር) ያስፈልግሃል፦ ለአንድ ግራም ቤንዚን 12.5 ግራም አየር ታዞ 13.2 ካነበብክ 13.2ን ለ12.5 አካፍል፣ 5.6 በመቶ ትጨምራለህ። መስመሩ ጥርስ እንዳያወጣ አለስልሰው፣ ሎንግ ትሪሙን አጥፍተህ እንደገና ንዳ።

ያንተ መኪና ግን ከፋብሪካው ያልተነካ ከሆነ እዚህ ሁሉ አያደርስም። ሚኒሞና 2500 ዙር ላይ ያለውን ትሪም ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ ማታ አየዋለሁ።