ጥያቄና መልስ፦ «ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!»

ባለፈው ጽሑፌ፣ መምህር መሆን የሚያስብ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ፎርም ከመሙላቱ በፊት በመምህር ሥር ሆኖ ትንንሾችን ቢያስተምር ይሻላል ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ፤ አብዛኛው ከዚሁ ከሐዋሳ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ፣ የጠያቂዎቹን ስም ትቼ እነሆ።

«ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በማጠናከሪያ ትምህርት የ4ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ እንዳስተምር መምህሬ ፈቅደውልኛል። በመጀመሪያው ቀን ክፍልፋይ አስረዳሁና «ገባችሁ?» ስላቸው ሁሉም «አዎ ቲቸር!» ብለው ጮኹ። መልመጃ ስሰጣቸው ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ሳቱ። አንድ አራተኛ ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል ነው የሚሉት። ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ማለት ነው?» (ከአቶቴ)

ልጄ፣ «ገባችሁ?» ሲባል የእኛ አገር ልጅ የሚመልሰው አንድ ነው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በዜማ ያጠናው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠመኔ ይዘው የኖሩ መምህራን እንኳ በዚህ «አዎ» ተሸውደው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋሉ። አንቺ ግን መልመጃ ሰጥተሽ፣ ደብተር አይተሽ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜሽ ደረስሽበት። ያስደነገጠሽ ነገር የሥራው ዋና ክፍል ነው።

አሁን ስህተቱን ራሱን እንየው። ልጆቹ የሳቱት ስለሰነፉ አይደለም። 4 ከ3 እንደሚበልጥ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ሲነገራቸው ኖሯል፤ ያንኑ የሚያውቁትን ይዘው ነው የመጡት። ስለዚህ ሕጉን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ብትደግሚው ለውጥ አያመጣም። ሁለት እኩል ወረቀት ስጫቸው፤ አንዱን ለሦስት፣ ሌላውን ለአራት አጥፈው ይቅደዱና ቁራሾቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ለሦስት እኩል ማጠፍ ያስቸግራል፤ አርብ ማታ ቤትሽ ሞክሪው፣ ልጆች ፊት ስትታገዪ እንዳይመሽብሽ። ከዚያ «አንድ ዳቦ ለሦስት የሚካፈሉ ልጆችና ለአራት የሚካፈሉ ልጆች ቢኖሩ፣ ከየትኞቹ ጋር መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። በዚህኛው የሚሳሳት ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

«ገባችሁ?»ን ደግሞ በ«እንዴት አወቅክ? እንዴት አወቅሽ?» ተኪው። ልክ የመለሰውንም የሳተውንም ጠይቂ፤ የሳተውን ብቻ ከጠየቅሽ ጥያቄው ቅጣት ይሆናል። ከጠየቅሽ በኋላም ዝም በይ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ክፍሎችን እየቀዱ ሲያጠኑ፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሴኮንድ ገደማ ብቻ መሆኑን አገኙ። ወደ ሦስት ሴኮንድ ሲያራዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝምተኞቹም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሴኮንድ ሲሰሙት ምንም አይደለም፤ ያ ሁሉ ዓይን እያየሽ ስትቆሚበት ግን አያልቅም። እጁን እያወናጨፈ «ቲቸር! ቲቸር!» የሚለውን ልጅ ለጊዜው እለፊው።

ተፈጥሬያለሁ ወይ ላልሽው፣ በአንድ ቅዳሜ አይታወቅም። እኔ ብሆን የምመዝነው በዚህ ነው፦ ቤትሽ ገብተሽ ስለ ልጆቹ መልስ ስታሰላስዪ አመሸሽ ወይስ ስለ ሐፍረትሽ? ሁለቱም ከሆነ ጤነኛ ነሽ፤ ቀጥዪ።

«ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በሳምንት ሦስት ከሰዓት ሰፈራችን ያለ ትምህርት ቤት እየሄደ የኦ ክፍል ሕፃናትን ያግዛል። ፈተናው እየደረሰ ነው። ልከልክለው?» (እናት፣ ከመናኸሪያ)

እህቴ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። በዚህ ላይ ሦስት ከሰዓት ብዙ ነው። ሰውን ማስረዳት ለራስም ትምህርት ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን የሚያስረዱት የሚፈተኑበትን ሲሆን ነው። ፊደል ማስቆጠር ፊዚክስ አያስጠናም። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ያድርገው፤ ሁለተኛው ሴሚስተር ሲገባ ያቁም። ማስተማሩ ከናፈቀው ለክፍል ጓደኞቹ ፊዚክስ ያስረዳ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሲያቆም ሕፃናቱን ተሰናብቶ ይምጣ። የአምስት ዓመት ልጅ የቀረን ሰው በር በሩን እያየ ይጠብቃል።

«ምክትል ርእሰ መምህር ነኝ። መምህር ሲቀር ጎበዝ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ወደ 9ኛ ክፍል ልኬ ክፍለ ጊዜው ባዶ እንዳይሆን ላደርግ አስቤአለሁ። እነሱም ልምድ ያገኛሉ። እርስዎ የመከሩት ይህንኑ አይደል?»

አይደለም። ያለ መምህር ብቻውን ክፍል ፊት የሚቆም ተማሪ ሞኒተር ነው። የሚለማመደው ዝም ማሰኘትን፣ በሰሌዳው ጥግ «የሚረብሹ» ብሎ ስም መጻፍን ነው። ነገ መምህር ሲሆን ይዞት የሚመጣው ልምድ ያ ከሆነ ባይመጣ ይሻላል። የመምህር እጥረቱ እውነት ነው፤ ዩኔስኮ ዓለም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. 44 ሚሊዮን ተጨማሪ መምህራን እንደሚያስፈልጋት፣ ከዚህም 15 ሚሊዮኑ ከሰሐራ በታች ላለው አፍሪካ እንደሆነ አስልቷል። ያንን ቀዳዳ በ17 ዓመት ልጅ መድፈን ግን ለእሱም ለ9ኛ ክፍሎቹም ግፍ ነው።

ከልብዎ ከሆነ እንዲህ ይጀምሩት። ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከኋላ ወንበር ይቀመጥ፤ ሁሉን ሳይሆን አንድ ነገር ብቻ ይይ። መምህሩ ማንን ይጠራሉ? የፊቱን መደዳ ብቻ ነው? ሴቶቹ ስንቴ ይጠየቃሉ? በግራ በኩል ከመስኮቱ ሥር ያሉት ማንም ሳያያቸው ስንት ክፍለ ጊዜ ያልፋል? ይህን ሲቆጥር ተማሪ ሆኖ ያላየውን ክፍል ያያል። ቀጥሎ አራት አምስት ልጆች ይሰጡት። በመጨረሻ አንድ ገጽ ዕቅድ ጽፎ፣ መምህሩ አይተው ፈርመውበት፣ እሳቸው ክፍሉ ውስጥ እያሉ 15 ደቂቃ ያስተምር። ከዚያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት፤ ይህ ንግግር ከተዘለለ የቀረው ትርዒት ነው። ማርክ ሊስት አይንካ። መምታትም ማንበርከክም አይታሰብ። ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ለብቻው አይቀመጥ። ወላጆቹም ይወቁ።

ከባዱ ወጪ የመምህሩ ጊዜ ነው። ከክፍለ ጊዜያቸው ካልቀነሱላቸው በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቻሉ፤ አይፈረድባቸውም። በአሜሪካ የሳውዝ ካሮላይና ግዛት ከ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቲቸር ካዴት» በሚል ስም ይህን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት አድርጎታል። ስሙ ወታደር ወታደር ቢሸትም አሠራሩ ትክክል ነው፦ በፕሮግራሙ ላይ ቦታ አለው፣ የሚያስተምረው የተመደበ መምህር አለው። እኛ ዘንድ በክበብ ስም ተጀምሮ፣ ክበቡን የሚወደው መምህር ሲዛወር አብሮ ይዛወራል።

«ይህን እንደ አዲስ ግኝት ማውራትህ ገረመኝ። እኛ 11ኛ ክፍል ሆነን ዘምተን ገበሬ ፊደል አስቆጥረናል።» (ጡረተኛ፣ ከፒያሳ)

ልክ ነዎት ጋሼ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጥተዋል። ከዚያ በፊትም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹ በማስተማር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዓመቱ የዩኔስኮን ሽልማት አግኝቷል። ቅርብ ጊዜም «ከልጅ ለልጅ» በሚባለው ዘዴ ከፍ ያሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት ያልጀመሩ ሕፃናትን በጨዋታ አለማምደዋል።

ልዩነቱ የት ነው? ዘማቹ ታዝዞ ሄደ፣ አስተማረ፣ ተመለሰ። «ማስተማሩን ወደድከው? የት ላይ ከበደህ?» ያለው አልነበረም። ዓላማው ገበሬውን ማስተማር እንጂ መምህር ማፍራት አልነበረምና አይወቀስም። እኔ ለምለው ነገር የሚቀርበው የኔታ ቤት ነው። ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል ቆጣሪውን ያስቀጽላል፤ የኔታ ግን እዚያው ናቸው፣ ጆሯቸው አልተኛም፣ ሲሳሳት ከተቀመጡበት ያርሙታል። አንዱ ሲያስተምር ሁለቱም ይማራሉ።

«በታችኞቹ ክፍሎች የተማርኩት በሲዳሙ አፎ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በእንግሊዝኛ። አሁን የ3ኛ ክፍል ልጆችን ሳይንስ ሳግዝ ቃላቱ በእንግሊዝኛ እየመጡ ያደናቅፉኛል።» (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከቱላ)

የ3ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ተዋስና ከዋዜማው ጮክ ብለህ አንብበው። በዓይን ብቻ ያነበብከው ቃል ልጆች ፊት አፍህ ላይ አይመጣም። የጠፋህን ልጆቹን ጠይቃቸው፤ ቲቸርን ማረም ደስ ይላቸዋል፣ ቃሉንም ከዚያ በኋላ አይረሱትም። በሐዋሳ በአማርኛ የሚማሩ ክፍሎችም ስላሉ ሁለቱንም ለማስተማር የሚችል ልጅ ብርቅ ነው። ችግሬ ያልከው ሀብትህ ነው።

«በዚህ ደመወዝ ልጅን ለመምህርነት ማነሣሣት ድህነትን መምከር አይደለም?» (አባት፣ ከታቦር)

ጥያቄው ይገባኛል፤ አለባብሼ አልመልስም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል የዲግሪ ጀማሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። የቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያስኬድ እርስዎም ያውቃሉ። የደረጃ ዕድገቱ ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ግን ዓመታት ይፈጃል። ብዙ መምህራን ማታና ቅዳሜ ቤት ለቤት እያስጠኑ ይደጉማሉ። ልጁ ይህን በ16 ዓመቱ፣ ከሚያስተምሩት መምህር አፍ ይስማ። ክፍል ገብቶ የቀመሰ ልጅ ሥራውን ካልወደደው በጊዜ ይተወዋል፤ ዲግሪውን ይዞ አራት ዓመት ካባከነ በኋላ ከሚተው ይህ ይረክሳል። ከወደደው ደግሞ ዋጋውን አውቆ ገባ።

«በየት በኩል ነው የሚገባው?» (ብዙዎች)

ለታችኛው ክፍል መምህርነት በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች፤ ሐዋሳም አላት። ለሁለተኛ ደረጃ በዩኒቨርሲቲ፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የተለመደው በአንድ ትምህርት ዲግሪ ይዞ ፒጂዲቲ የሚባለውን የማስተማር ሥልጠና መጨመር ነው። አዲስ አበባ ያለው ኮተቤም የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የመግቢያ ነጥብ ይለዋወጣልና የዘንድሮውን ማስታወቂያ ከተቋሙ ሰሌዳ አንብቡ፤ የአምናውን ከጎረቤት አትስሙ።

«የማግዛቸው ልጆች የሰፈሬ ልጆች ናቸው። ክፍል ውስጥም በቅጽል ስሜ ይጠሩኛል። «ቲቸር» እንዲሉኝ ላስገድድ?» (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአሞራ ገደል)

አታስገድድ። ዋናው መምህር ክፍሉ ውስጥ አንድ ቀን «ቲቸር እገሌ» ብለው ይጥሩህ፤ ልጆቹ ይከተላሉ። ሰፈር ስትመለስ ያው ቅጽል ስምህ ይጠብቅሃል፤ ኳስ ሜዳ ላይ «ቲቸር፣ አቀብለኝ!» ካሉህም አቀብል።