«ሰጥቶ» ካለ «ሸጥቶ» ለምን አይልም?

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ «ሰውየው በሬውን ሸጥቶ ሄደ» አለኝ። «ሸጦ ነው የሚባል» ብዬ ባርመው፣ «ሰጥቶ ይባል የለ እንዴ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ልጅዎ የሰዋስው ሰው ነው። ይሰጣል፣ ይሸጣል፤ ስጥ፣ ሽጥ፤ ይስጥ፣ ይሽጥ ሲባል የሰማ ጆሮ፣ ከሰጥቶ ተነሥቶ ሸጥቶ ላይ ቢደርስ ምን ይፈረድበታል? በኃላፊው ጊዜ ሰጠ ይጠብቃል፣ ሸጠ ይላላል፤ ፊደላችን ግን መጥበቅን ስለማይጽፍ በወረቀት ላይ ይህም ይጠፋል።

ልዩነቱ የግእዝ ውርስ ነው። ሸጠ ሤጠ ነበር፤ የዋጠው ከመካከሉ «የ»ን ነው። ሰጠ ደግሞ ከሰጠወ ሲመጣ መጨረሻውን ጣለ። አማርኛ መጨረሻው ለጎደለ ግስ «ት» ይተካለታል፤ ሰጥቶ፣ መስጠት። መካከሉ የጎደለው አይተካለትም፤ ሸጦ፣ መሸጥ፣ እንደ ቆሞ፣ መቆም። የጠፉትን ፊደላት ለማየት ስሞቹን ይፈትሹ፤ «የ» ሽያጭ ውስጥ ቁጭ ብላለች፣ «ወ»ም በስጦታ ውስጥ «ጦ» ላይ ተሸሽጋለች።

ሕፃን ደረቅ ሕግ በቃሉ ይዞ ግስ ያረባል የሚሉ አሉ፤ አልቀበላቸውም። የቅኔ ቤት መምህራን ግስን በአርእስትና በሠራዊት ሲከፍሉ አንዱ ይመራል፣ የሚመስሉት ይከተሉታል። ተማሪው አዲስ ግስ ሲገጥመው የሚጠይቀው «ማንን ይመስላል?» ብሎ ነው። አንዳንዱ የቅኔ ጉባኤ ሤመን፣ ማለትም የግእዙን «ሾመ»፣ ራሱን የቻለ አርእስት ያደርገዋል፤ ሤጠም ከዚያ ይሰለፋል። ልጅዎ ግሱን ለሌላ አለቃ አሰልፎት ነው።

ለአዋቂዎች ግን እንዲህ አልራራም። ይኸው ሰጠወ «ተሰጥዎ» የሚለውን ቃል ሰጥቶናል፤ ምእመናን በቅዳሴ የሚመልሱት ዛሬም ተሰጥዎ ይባላል። የመክሊት ነገር ሲሆን ግን ሁሉም «ተሰጥኦ» ብሎ ይጽፋል። በእኔ ግምት ያሳተው አስተዋፅኦ ነው። እሱ ከወፅአ ስለመጣ «አ»ው የራሱ ነው፤ ተሰጥዎ ግን «አ» ኖሮት አያውቅም። ጋዜጣው፣ የትምህርት ቤት መጽሐፉ፣ የቴሌቪዥን ውድድሩ ሁሉ «ተሰጥኦ» ስላለ ስሕተት ነው ብዬ መሟገቱን ትቻለሁ። በእኔ ብዕር ግን «ዎ» ይቆያል፤ ማስረጃ ባጣለት እንኳ ለጆሮዬ ይጥመኛል።

ልጁን ለጊዜው ይተዉት። ገበያ ይዘውት ሲሄዱ ሸጦ፣ ሸጣ፣ ሸጠው እየተባለ ይሰማል።