ማሲንቆውን የመታው ማን ነበር?

ልጆች፣ ሰሞኑን ፒያሳ ላይ ካሜራ ይዛችሁ ስትሯሯጡ አይቼ ደስ ብሎኛል። ደሴ ላይ ሠርግና ክሊፕ ስቀርጽ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከዚያ ሁሉ የማልረሳውን አንዱን ልንገራችሁ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የአንድ የሰፈራችን ልጅ ዘፈን ነበር። ምቱ ዘመናዊ፣ ቅኝቱ አምባሰል። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል እየሰማ ላደገ ሰው ግን የኪቦርዱ ነገር ደረቅ አለ። ከሰኞ ገበያ አንድ ማሲንቆ የሚመቱ አባት አመጣን። ደጋናቸው ላይ ዕጣን ፈተግ ፈተግ አደረጉ። ከዚያ ጣታቸውን ከመጀመሪያው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ትንሽ ሸርተት አደረጓት። በትዝታ ቅኝት በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለችው ይቺ ርቀት ሰፋ ትላለች። በአምባሰል ጠባብ ናት፤ ሆድ የምታባባውም እሷ ናት። ዘፋኙ እዚያው ዜማውን ቀየረ። ሰው እስካሁን የሚያንጎራጉረው ያንን ነው።

ክሊፑን ሐረጎ ላይ ቀረጽን። ዘፋኙ ከንፈሩን የሚያስኬደው በድንጋይ በሚሠራ ቴፕ ነበር። ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ደከመ፤ ዘፈኑ መጎተት ጀመረ፤ ማናችንም አልነቃንም። ማታ ዋናውን ድምፅ ስናስገባበት ከንፈሩ ወደ ኋላ ቀረ። የግማሽ ቀን ሥራ ገደል ገባ። በማግስቱ ተመልሰን አስተካከልነው።

ሳይስተካከል የቀረው የማሲንቆ መቺው አባት ነገር ነው። የቀን አበል ተሰጣቸው። ክሊፑ ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ ሦስት ስም ወጣ። የሳቸው የለም። ጽሑፉን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ከዓመታት በኋላ ልጃቸው መጣች። አባቷ አርፈዋል። «ጋሼ፣ የአባቴ ፊት የሚታይበት አለ?» አለችኝ። ጥሬው፣ ማለት ያልተቆረጠው ቀረጻ ያለበት ካሴት ላይ ነበር፤ እኔ ግን ሠርግ ቀርጬበታለሁ። ካሴት ውድ ስለነበር ሁላችንም እንደዚያ እናደርግ ነበር። ክሊፑ ውስጥ የቀረው እጃቸው ብቻ ነው፣ አራት ሰከንድ። ቁጭ ብላ ደጋግማ አየችው።

ስለዚህ ካሜራ ሳታነሱ በፊት አንድ ወረቀት ላይ የሁሉንም ስም ጻፉ፤ የከበሮ መቺውንም፣ የተቀባዮቹንም። ክፍያውንም ጻፉና ተፈራረሙ። የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዜማና ግጥም የደረሰውን ብቻ ሳይሆን ከዋኙንም፣ ማለት የሚዘፍነውንና የሚጫወተውን ያውቀዋል። የደራሲው የጥቅም መብት፣ ማለት ከሥራው ገቢ የማግኘት መብቱ፣ ዕድሜ ልኩን ይቆያል፤ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ለወራሾቹ ነው። ትራኮቹን፣ ማለት የየመሣሪያውንና የዘፋኙን ድምፅ ቅጂ ለየብቻ አስቀምጡ። ጥሬውን ቪዲዮ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ አንዱ ሌላ ቤት ይደር።

እኔ አሁን የዚያን ክሊፕ ቅጂ አውጥቼ መጨረሻው ላይ የሳቸውን ስም እየጨመርኩ ነው። ልጅቷ ኮምቦልቻ ናት። ቅዳሜ እወርዳለሁ፤ የአያቷን ስም እንዳልሳሳት ራሷ ትጽፍልኛለች።