የ8 ወር ጀርመን ሼፐርድ ዳሌ፦ መዳሰስ ብቻውን ይበቃል?

እህቴ፣ የ8 ወር ጀርመን ሼፐርድዎ ጠዋት ለመነሣት እንደሚቸገርና ሲሮጥ የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ እያነሣ እንደሚዘል ገልጸው፣ ሐኪሙ ዳስሶ «ዳሌው ነው» (የዳሌው መገጣጠሚያ ላልቷል ማለቱ ነው) ካለ ራጅ ለምን ያስፈልጋል ብለው ጠይቀዋል። ያስፈልጋል፤ ያውም ውሻው በማደንዘዣ ተኝቶ የሚነሣ ራጅ።

እኔ አራት ኪሎ ያሳደግኳት የዚሁ ዝርያ ውሻ የመጀመሪያውን ራጅ የተነሣችው ነቅታ፣ ሁለት ሰዎች ይዘዋት ነበር። በመወራጨቷ ዳሌዋ ስለተዛነፈ ፊልሙ የታመመውን መገጣጠሚያ ደህና አስመሰለው፤ «የዕድገት ነው፣ ካልሲየም ስጣት» ተብዬ ተመለስኩ። በትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ላይ ትርፍ ካልሲየም የአጥንት ዕድገትን እንደሚያዛባ የሰማሁት ሁለት ወር ከሰጠኋት በኋላ ነው፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሌላ ሐኪም ግን አደንዝዛ በጀርባዋ አስተኛቻት። ጉልበቷን ይዛ ጭኗን ወደ ዳሌው ስትገፋ የጭን አጥንቱ ራስ ከሚገጥምበት የዳሌ ጎድጓዳ ሸሸ፤ ቀስ እያለች ጭኑን ወደ ውጭ ስትከፍተው «ቀጭ» ብሎ ሲመለስ መዳፌን አስቀምጣ አስዳሰሰችኝ። ይህ የኦርቶላኒ ምልክት ይባላል፤ መጀመሪያ የአራስ ሕፃናትን ዳሌ ለመመርመር የወጣ ዘዴ ነው። የመገጣጠሚያውን መላላት ያሳያል፤ ነገር ግን ውሻው ነቅቶ ጡንቻውን ካጠበቀ ሊደበቅ፣ በሽታው ቆይቶ መገጣጠሚያው ከደነደነም ሊጠፋ ስለሚችል፣ ምልክቱ አለመገኘቱ ዳሌው ጤነኛ ነው አያሰኝም።

ራጁ ሲነሣ እግሮቹ ወደ ኋላ ተዘርግተው ትይዩ መሆን አለባቸው። ፊልሙን ሲያዩ የዳሌው ግራና ቀኝ እኩል መሆኑን፣ ከዚያም የአጥንቱ ራስ ቢያንስ በግማሹ በጎድጓዳው መሸፈኑን ሐኪሙ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። በ8 ወር ደህና የመሰለ ፊልም የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም፤ ለእርባታ የሚመረጡ ውሾችን ዳሌ የሚመዘግበው የአሜሪካው ኦኤፍኤ እንኳ ቋሚ ውጤት የሚሰጠው ከ24 ወር በኋላ ነው።

ጉልበቱና የታችኛው ወገቡም ሳይመረመር አይቅር። ፊልሙ ላይ ዳሌው ተጎድቶ እየታየ የሚያስነክሰው የተበጠሰ የጉልበት ጅማት ሊሆን ይችላል፤ ክፉኛ የተበላሸ ዳሌ ይዞ እምብዛም የማያነክስ ውሻም አለ።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ለሰው የታዘዘ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳይሰጡት አደራ፤ ጨጓራውን ያደማል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ሲነሣ፣ ደረጃ ሲወጣና ከኋላ ሲታይ ሲራመድ በስልክዎ ይቅረጹት፤ ክሊኒክ ሲገባ ፍርሃቱ ማነከሱን ሊደብቀው ይችላል።