ሌላ ሰው ጀምሮ የተወውን ኮድ ስትረከቡ

የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ላይ መሥራት የምትፈልጉ ልጆች «ከየት ልጀምር?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ሰው ጀምሮ የተወውን የካሜራ ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉ ካሜራውን የሚያዝበትን ኮድ፣ ፈልጉና አጽዱ። አዲስ ነገር ከባዶ መጻፍ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። እኔን ግን በሥራ ዘመኔ ከምንም በላይ ያስተማረኝ ሌሎች ሳይቋጩት የሄዱት ኮድ ነው።

ካሜራ ያልኩት በምክንያት ነው። ኪቦርድ ካልነካችሁት ዝም ይላል። ካሜራ ግን አንዴ ከተከፈተ ፋታ የለውም። 640 በ480 የሆነች ትንሽ ምስል፣ ለእያንዳንዱ ፒክሰል 2 ባይት ብንይዝላት፣ 614,400 ባይት ትሆናለች። በሰከንድ 30 ጊዜ ስትመጣ ከ18 ሚሊዮን ባይት ታልፋለች። ይሄ ሁሉ ዳታ በዲኤምኤ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በእጁ ሳይነካው፣ ቀጥታ ሜሞሪ ላይ ይጻፋል። ምስሉን የሚያነሳው ሴንሰር ደግሞ የራሱ ኃይል፣ ሥራውን በምት የሚመራ የራሱ ክሎክ፣ ትእዛዝ የሚቀበልበት የራሱ መስመር አለው። እነዚህ ሁሉ አንድ ድራይቨር ውስጥ ሲገናኙ የተዘለለ ነገር መደበቂያ አያጣም።

ሊኑክስ ውስጥ «ስቴጂንግ» የሚባል ክፍል አለ። ግሬግ ክሮዋ ሃርትማን በ2008 ያስጀመረው ነው። ለዋናው ክፍል ያልደረሱ ድራይቨሮች እዚያ ይቆያሉ። የጎደላቸው ነገር «ቱዱ» በሚባል ፋይል ተዘርዝሮ አጠገባቸው ይቀመጣል። ቦታው ማቆያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ሥራው ፈቀቅ ካላለ ድራይቨሩ ይሰረዛል። የአቶም ፕሮሰሰር ላላቸው ታብሌቶች የተጻፈው «አቶምአይኤስፒ» የተባለው የካሜራ ድራይቨር በ2017 ገባ። የረባ ለውጥ ስላልታየበት በ2018 ተሰረዘ። በ2020 ተስፋ ያልቆረጡ ሰዎች መልሰው አስገቡት። ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሲያጸዱት ኖረዋል። ማንም ስማቸውን አይጠራም፤ እኔ ግን ሥራቸውን ሳነብ ኮፍያዬን ባወልቅላቸው ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የምታገኙት ሥራ ቀላል ነው። ከርነሉ የራሱ የአጻጻፍ ደንብ አለው። አንድ ታብ 8 ፊደል ይሰፋል። የተመረጠው የመስመር ርዝመት 80 ፊደል ነው፤ «ቼክፓች» የሚባለው መመርመሪያ ግን ከ2020 ጀምሮ እስከ 100 ድረስ ዝም ይላል። መመርመሪያውን ስታስነሱት ማስጠንቀቂያ በመቶ ያወርድባችኋል። አስተካክሉት። እጃችሁ ይፍታታ፣ ፓች (የኮድ ለውጥ) መላክም ልመዱ። ግን እዚያ ላይ እንዳትቀሩ። ታቡ ልክ ሆኖ ድራይቨሩ ማሽኑን የሚያደርቅ ከሆነ ምኑን ጸዳው?

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ የሴንሰር ድራይቨር ተረከብኩ። ኃይል በሚሰጠው ፈንክሽን መሃል አንዲት መስመር አለች። ሪሴት (ሴንሰሩን ከመነሻው የሚያስጀምረው ምልክት) ከተለቀቀ በኋላ 20 ሚሊሰከንድ ጠብቅ ትላለች። ለምን እንደሆነ ምንም አልተጻፈም። ሰነፍ ፕሮግራመር ያስቀመጣት መሰለኝና አጠፋኋት። ሞከርኩት፣ ሠራ። አሥር ጊዜ ሞከርኩት፣ አሥሩንም ሠራ። ላክሁት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ካሜራው ጠዋት ጠዋት አይገኝም የሚል ቅሬታ መጣ። ቀኑን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። በማግስቱ ጠዋት፣ ማሽኑ ሌሊቱን ጠፍቶ ካደረ በኋላ ስከፍተው፣ ሴንሰሩ እኔም ጋ ድምፁን አጠፋ። ያኔ ገባኝ። ድራይቨሩን እያወጣሁ ስመልስ ሰርኪዩቱ ላይ የቀረው ኃይል ገና አላለቀም ነበር። ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ስለማያውቅ ቶሎ ይነሳል። በእውነት ጠፍቶ ቆይቶ ሲነሳ ግን ያቺ 20 ሚሊሰከንድ ታስፈልገዋለች። የሴንሰሩ መመሪያ ውስጥ፣ ኃይልና ክሎክ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰጥ የሚያሳይ ሥዕል አለ። የመቆያው ጊዜ እዚያው ተጽፏል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነበርኩ።

መስመሯን መለስኳት። ከላይዋም ምክንያቱን በሁለት መስመር ጻፍኩ። ድራይቨሩ ላይ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ትልቁ እነዚያ ሁለት መስመሮች ይመስሉኛል። ስለዚህ የማይገባችሁ መስመር ሲገጥማችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት ለምን እንደተቀመጠ ፈልጉ። የኮዱን ታሪክ፣ ለውጦቹን በሚመዘግበው በጊት፣ ተመልከቱ። መመሪያውን አንብቡ። ጸሐፊው የሚገኝ ከሆነም በአክብሮት ጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ ይመልሳል፤ ሥራውን አንስቶ የሚያይ ሰው በማግኘቱም ደስ ይለዋል።

ያልተጨረሰ ድራይቨር ያለመጨረሱ የሚታየው ሲሠራ አይደለም። ነገር ሲበላሽና ሲዘጋ ነው። ጸሐፊው ምስል እስኪያይ ድረስ ይጽፋል። ምስሉ ሲመጣለት ደስ ብሎት ይነሳል። እናንተ ከዚያ ጀምሩ። ካሜራውን የሚያስነሳውን ፈንክሽን ክፈቱ። ኃይል ያበራል፣ ክሎክ ያስነሳል፣ ሜሞሪ ይይዛል፣ ከሴንሰሩ ጋር ይነጋገራል። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ቆማችሁ «ይሄ ባይሳካስ?» በሉ። አራተኛው ሲከሽፍ የፊተኞቹ ሦስቱ መመለስ አለባቸው፤ ያውም ከኋላ ወደ ፊት፣ ልብስ ሲወልቅ መጨረሻ የተደረበው መጀመሪያ እንደሚወልቀው። ያልተጨረሱ ድራይቨሮች እዚህ ጋ ስህተት መኖሩን ብቻ ተናግረው ይወጣሉ። ክሎኩ እንደበራ፣ ሜሞሪው እንደተያዘ ይቀራል።

ምስል መውሰድ ሲቆምም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ ባዶ ባፈሮችን፣ ማለትም ምስል የሚጻፍባቸውን የሜሞሪ ቦታዎች፣ ለድራይቨሩ አስረክቧል። ሲቆም ድራይቨሩ መጀመሪያ ሃርድዌሩን ማስቆም፣ ከዚያ በእጁ ያለውን ባፈር አንድም ሳያስቀር መመለስ አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሃርድዌሩ የሌላ ሰው በሆነ ሜሞሪ ላይ ምስል ይጽፋል። ይህ ዓይነቱ ስህተት እንቅልፍ ይነሳል፤ ጉዳቱ ካሜራው ጋ ሳይሆን ፍጹም ሌላ ቦታ ነውና የሚፈነዳው። ማስጀመሩ ራሱ ቢከሽፍም ባፈሮቹ መመለስ አለባቸው። ይህቺ በጣም ትረሳለች።

የዩኤስቢ ካሜራ ከሆነ ደግሞ ምስል እየመጣ ገመዱን ንቀሉት። እቃው ሄዷል፤ ፕሮግራሙ ግን ፋይሉን እንደያዘ ነው። ድራይቨሩ በዚህች ቅጽበት ሜሞሪውን ከለቀቀ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥሪ የሌለ ነገር ይነካል። እኔ ማንኛውንም የካሜራ ድራይቨር ስረከብ መጀመሪያ የማደርገው ይሄንኑ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሃርድዌሩ ትእዛዝ ስለሚቀበልባቸው የሬጅስተር ቁጥሮችም አንድ ነገር ልበል። በመቶ የሚቆጠሩ ቁጥሮች ያለ ስም በሰንጠረዥ ተደርድረው ታገኛላችሁ። ከመመሪያው ያረጋገጣችሁትን ስም ስጡት። ያላረጋገጣችሁትን በቁጥሩ ተዉት። በግምት የተሰጠ ስም ከቁጥር ይከፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው አምኖ ይሳሳትበታል።

አንድ ፓች ውስጥ አንድ ለውጥ ብቻ ይግባ። ታብ ስታስተካክሉ ስህተት አታርሙ፣ ስህተት ስታርሙ ስም አትቀይሩ። ጊት ውስጥ «ባይሴክት» የሚባል ትእዛዝ አለ። ከ1,000 ኮሚት (ጊት ውስጥ ከተመዘገበ ለውጥ) መሃል ያበላሸውን ወደ 10 በሚጠጋ ሙከራ ያገኝላችኋል፤ በየጊዜው ግማሹን እየጣለ ነው የሚፈልገው። የተገኘው ኮሚት አንድ ነገር ብቻ ከሠራ ጥፋቱ ወዲያው ይታያል። አሥራ አምስት ነገር ጠቅልሎ ከያዘ ግን ድካሙ እንደገና ይጀምራል። እያንዳንዱ ኮሚት ለብቻው ኮምፓይል መደረግ የሚኖርበትም ለዚሁ ነው።

ፓቻችሁ ሲመለስባችሁ አይክፋችሁ። ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ሊመለስ ይችላል። የሚያርመው ሰው ያንን ኮድ ለብዙ ዓመት ሊሸከም ነው። ለአስተያየቱ በሙሉ መልስ ስጡ። ካልተስማማችሁ ምክንያታችሁን ተናገሩ፤ ዝም ብላችሁ ግን አትለፉት።

ቪዲዮ ፎር ሊኑክስ 2 ለተባለው የካሜራ ደንብ የተዘጋጀ መሞከሪያ ፕሮግራም አለ። ምስል ስላያችሁ አትርኩ፤ እሱን አስነሱት። ያልተሳኩ ፈተናዎች ቁጥር ዜሮ እስኪሆን እየደጋገማችሁ ሥሩ። ከዚያ ማሽኑን አጥፉና ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ከፍታችሁ ካሜራው ከተነሳ፣ «ቱዱ» ፋይሉ ውስጥ የሠራችሁትን መስመር ሰርዙና ላኩ።