ባሕር በሌለበት ፕላኔት ከፍታ ከምን ተነሥቶ ይለካል?

ጥያቄ፦ በአዳማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ እንደምትገኝ ካስረዳሁ በኋላ፣ በማርስ ላይ ያለው ኦሊምፐስ ሞንስ የተባለው እሳተ ገሞራ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ እንዳለው ስጠቅስ አንዲት ተማሪዬ «እዚያ ባሕር ከሌለ ከምን በላይ ነው?» አለችኝ። የቆዩ መጻሕፍት ደግሞ 25 እና 27 ኪሎ ሜትር ይላሉ። ሰው ያልረገጠውን ተራራ መንኮራኩር በላዩ እየዞረ እንዴት ይለካዋል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የተማሪዎ ጥያቄ ቦታውን የያዘ ነው፤ መነሻው ያልተነገረ ከፍታ ምንም አይነግረንምና።

ሌላ ፕላኔትን ለመዞር የመጀመሪያዋ የሆነችው ማሪነር 9 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 ማርስ ስትደርስ ፕላኔቷ ከዳር እስከ ዳር በአቧራ ማዕበል ተሸፍና ነበር። የአዳማን የበጋ አቧራ የሚያውቅ ሰው የካሜራዎቹን ችግር ለመገመት አይቸገርም። አቧራው ሳይረግፍ ከላዩ ብቅ ብለው የታዩት ጥቋቁር ነጠብጣቦች የግዙፍ እሳተ ገሞራዎች ጫፎች ሆነው ተገኙ፤ ኦሊምፐስ ሞንስም ከእነርሱ አንዱ ነበር። በዚያ ዘመን ዜሮ ተብሎ የተወሰደው የከባቢ አየሩ ግፊት 6.1 ሚሊባር የሚሆንበት ከፍታ ነው፤ በዚህ ግፊት ውሃ በበረዶነት፣ በፈሳሽነትና በእንፋሎትነት በአንድነት ሊገኝ ይችላል። ሐሳቡ ብልህ ቢሆንም መሠረቱ የረጋ አልነበረም፤ የማርስ አየር ሩብ ያህሉ ክረምት በገባበት ዋልታ ላይ ወደ በረዶነት እየተለወጠ ስለሚወርድ ግፊቱ ከወቅት ወቅት ይለያያል። በመጻሕፍቱ ያገኟቸው ትልልቅ አኃዞች የዚያ ዘመን ውርስ ናቸው።

ነገሩን መልክ ያስያዘችው እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ የደረሰችው ማርስ ግሎባል ሰርቬየር ናት። ይህች መንኮራኩር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በሁለቱ ዋልታዎች አቅራቢያ እያለፈች ትዞር የነበረ ሲሆን፣ አንዱን ዙር ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃት ነበር። የያዘችው የሌዘር መሣሪያ በሴኮንድ 10 ጊዜ ብልጭታ ወደ ታች እየላከ፣ ብርሃኑ የማርስን መሬት ነክቶ እስኪመለስ ያለፈውን ጊዜ ይመዘግባል። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የደርሶ መልስ ጉዞው 2.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጃል፤ ሰዓቱ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ቢዛነፍ ርቀቱ በ15 ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል። ይህን ስሌት ተማሪዎችዎ ራሳቸው ቢሠሩት ጥሩ ነው።

ሆኖም ሌዘሩ የሚነግረን በመንኮራኩሯና በመሬቱ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። መንኮራኩሯ ራሷ የት እንዳለች የሚታወቀው በካሊፎርኒያ፣ በስፔንና በአውስትራሊያ የተተከሉ ግዙፍ አንቴናዎች የሬዲዮ ሞገዷን ተቀብለው በድግግሞሹ ላይ የሚታየውን ጥቃቅን ለውጥ ሲመረምሩ ነው፤ ከለውጡ ፍጥነቷ፣ ከፍጥነቷም የፕላኔቷ ስበት የት እንደሚበረታና የት እንደሚላላ ይሰላል። እንደ እኔ ግምት ከሌዘሩ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ይህ ክፍል ነው። ከማርስ እምብርት እስከ መንኮራኩሯ ካለው ርቀት ሌዘሩ የለካው ሲቀነስ፣ መሬቱ ከእምብርቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይታወቃል።

አሁን ዜሮ የሚባለው ከዚሁ የስበት ጥናት የወጣ ምናባዊ ወለል ነው፦ ማርስ ላይ ባሕር ቢኖር ኖሮ ውሃው ረግቶ ሊተኛበት የሚችል፣ በፕላኔቷ ወገብ ላይ ከእምብርቱ በአማካይ 3,396 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ወለል። ከእርሱ ሲለካ ኦሊምፐስ ሞንስ በ21 እና በ22 ኪሎ ሜትር መካከል ይውላል፤ ሄላስ የተባለው ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ደግሞ ከዜሮ በታች ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳል። በዋልታዎቹ ላይ በየክረምቱ የሚከመረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ ውፍረት እንኳ በዚሁ ሌዘር ተለክቷል።

መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2001 ከ600 ሚሊዮን በላይ ልኬቶችን ካደረገ በኋላ ቆሟል። የመንኮራኩሯ መስመሮች በዋልታዎቹ አካባቢ ሲቀራረቡ በወገቡ ላይ ስለሚራራቁ፣ በመካከል የቀረውን ክፍተት ማርስ ኤክስፕረስን የመሰሉ ኋላ የመጡ መንኮራኩሮች አንድን ስፍራ ከተለያየ አቅጣጫ እያነሡ በፎቶግራፍ ሞልተውታል፤ ከፍታውን ከዜሮ ጋር የሚያስተሳስሩት ግን ዛሬም በሌዘሩ ልኬት ነው። ለተማሪዎ «ከማርስ አማካይ የስበት ወለል በላይ» ብለው ቢመልሱላት ትክክል ነው።